በቀኝ በኩል የሚመጣው

(እሁድ ከሰዓት፣ ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፤ ነገ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የተማሪዎች ሰርቪስ የሚነዳው ይድነቃቸው የሚኒባሱን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጆይስቲክ ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል፤ ታላቅ እህቱ ትርሲት ፊት ለፊቱ ቆማለች።)

ትርሲት፦ ያንን ነገር አስቀምጥና ተነስ ነው የምልህ! ሴቶቹ ታች ግቢ ውስጥ ቆመው እየጠበቁህ ነው።

ይድነቃቸው፦ አንዴ ቆይ፣ ይሄን ኮርነር ልምታ።

ትርሲት፦ ከገባሁ ጀምሮ ያንኑ ኮርነር አይደል እንዴ የምትመታው?

ይድነቃቸው፦ ምን ላድርግ፣ ጌሙ ነዋ! የዘንድሮውን የኳስ ጌም አበላሽተውታል። አምና ኳሷ ትታይ ነበር። ዘንድሮ አሳንሰው አሳንሰው ሽንብራ አሳክለዋታል።

ትርሲት፦ አምጣ።

ይድነቃቸው፦ ኧረ እጅሽን ሰብስቢ!

ትርሲት፦ አምጣ ጆይስቲኩን።

ይድነቃቸው፦ አቤት ይቺ እጅ! ልጅ ሆነን ስኳር ስሰርቅ፣ ብይ ስሰርቅ፣ አንቺ ምንም አትናገሪም፤ እጅሽን ዘርግተሽ መቆም ነው። እኔ ጅሉ ደግሞ ወስጄ ማስረከብ። አባባ በአለንጋ ያላስጣለኝን አንቺ በባዶ እጅሽ ታስጥይኝ ነበር። እንኪ፣ ውሰጂው። አይ፣ መልሺልኝ፤ ሌላ ጌም ልክፈት።

ትርሲት፦ ምንም አትከፍትም። ትወርድና ሰላም ትላቸዋለህ። «ወንድሜ ነው፣ የኔንም ልጅ የሚያመላልሰው እሱ ነው፣ እንደሱ ጠንቃቃ ሹፌር የለም» ብዬ አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩልህ። ነገ ልጆቻቸውን የሚሰጡህ እኔን አምነው ነው።

ይድነቃቸው፦ አንቺን ካመኑ እኔ ምን አስወረደኝ? ፎቶዬን አሳዪያቸው።

ትርሲት፦ መኪናውንም ማየት ይፈልጋሉ። ከጥላው ሥር አውጥተህ ደረጃው ጋ አምጣላቸውና ወንበሩን፣ ቀበቶውን ይዩ።

ይድነቃቸው፦ አሁን? ግቢው እኮ በልጅ ተሞልቷል። ብስክሌቱ፣ ኳሱ፣ ሩጫው…

ትርሲት፦ ነገስ በምን የሚሞላ መስሎህ ነው? በሽማግሌ?

ይድነቃቸው፦ ነይ እስቲ መጀመሪያ አረፍ በይ። እዚህ፣ በግራዬ በኩል።

ትርሲት፦ ክረምቱን ሙሉ «በግራዬ በኩል፣ በግራዬ በኩል»! ዙፋን ላይ የተቀመጥክ አስመሰልከው እኮ።

ይድነቃቸው፦ በቀኝ በኩል ሶፋው ተሰብሯላ።

ትርሲት፦ ይሁን፣ ተቀመጥኩ። ቶሎ በል። ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስትጫወት ከርመህ አሁንም አልጠገብክም?

ይድነቃቸው፦ ምን ጥጋብ አለው፣ አንድም የረባ ጌም እኮ የለም! የመኪና እሽቅድምድሙን ውሰጂ። ሰዉ ሁሉ «ጉድ ነው» ይላል። እውነት ነው፣ የሞተሩ ድምፅ ሲነሳ ብቻውን ልብ ያሞቃል። መሪው ደግሞ ልክ እንደ እውነተኛ መኪና ነው የሚታዘዝሽ። ግን ፍርድ የሌለበት ጨዋታ ነው። መስመሬን ይዤ፣ ማንንም ሳልነካ እየነዳሁ፣ አንዱ ከቀኝ ከች! ጎኔን ይበላኛል። ከየት መጣ? መሬት ሰንጥቆ ነው?

ትርሲት፦ ስፖኪዮ የለውም?

ይድነቃቸው፦ አለው። ለጌጥ ነው የሰቀሉት።

ትርሲት፦ ያንተም የቀኙ ስፖኪዮ ለጌጥ ተንጠልጥሏል። ቅድም ሳልፍ አይቼዋለሁ። በሩም ተቦጭሯል።

ይድነቃቸው፦ እሱን ነገርኩሽ እኮ፣ ጋሪ ነው የገጨኝ። አይቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!

ትርሲት፦ እንዲህ እያልክ አትማል። ባለፈው ባጃጅ ነው ብለኸኝ ነበር።

ይድነቃቸው፦ ጋሪም ባጃጅም ያው ነው፤ ሁለቱም ሰው አያዩም። አሁን መኪናውን ተይኝና ስለ ጫካው ጌም ልንገርሽ። ቀስት ይዘሽ የምታድኚበት። እሱ እንኳ ልቤን ወስዶት ነበር። ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲወርድ ድምፁ ያስተኛል። የወፉ ጩኸት፣ የቅጠሉ ኮሽታ፣ አገር ቤት የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ድፍን ይላል። ድፍን! እነዚህ ሰዎች ጨረቃ የሚባል ነገር አያውቁም?

ትርሲት፦ ሶልያና ትናንት ስትጫወተው አጠገቧ ነበርኩ። ጨረቃ አለው።

ይድነቃቸው፦ የት ነው ያለው?

ትርሲት፦ ሰማዩ ላይ ነዋ! ልጄ በዚያ ጨረቃ ሚዳቋዎቹን እየለቀመች ነበር።

ይድነቃቸው፦ የልጅ ዓይን ነው ባክሽ።

ትርሲት፦ እኔም አይቻቸዋለሁ፣ ይድኔ። እኔ ደግሞ ልጅ አይደለሁም።

ይድነቃቸው፦ እንግዲያው መብራቱ ነው። የዚህ ፎቅ መብራት ኃይል የለውም፤ ስክሪኑ ይደበዝዛል። ለሠፈሩ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።

ትርሲት፦ የስክሪኑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍተኸው የለ እንዴ? ገና ከበሩ እኮ ነው ዓይኔን የወጋኝ። እስቲ ልነሳ፣ ራሴን አዞረኝ።

ይድነቃቸው፦ ተነሽ፣ ተነሽ። እኔ የምልሽ፣ ሬሳ ከመቃብር እየተነሳ የሚያሳድድበትንስ አይተሽዋል? እሱንማ ተውኩት። «ያስፈራል» ይሉታል እንጂ አያስፈራም፣ ያበሽቃል። ፊት ለፊት የመጣብኝን ሁሉ ግንባር ግንባሩን እያልኩ እጥለዋለሁ፤ በዚህ ማንም አይችለኝም። የሚጨርሱኝ ከጎን የሚመጡት ናቸው። እግራቸው ኮሽ አይልም። ስነከስ ነው የማውቀው። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢያስጠነቅቁ? ሰው ላይ እንዲህ ይቀለዳል? የት ሄድሽ?

ትርሲት፦ እዚሁ ነኝ።

ይድነቃቸው፦ ወጣሽ መስሎኝ እኮ ነው።

ትርሲት፦ በቀኝህ ነኝ። ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ።

ይድነቃቸው፦ አዎ አዎ፣ አየሁሽ። በጌሙ ወሬ ተመስጬ ነው።

ትርሲት፦ ሶፋው አልተሰበረም፣ ይድኔ።

ይድነቃቸው፦ አሠራሁት መሰለኝ።

ትርሲት፦ መሰለኝ? ፍሪጅህ ውስጥ ያለችው የዓይን ጠብታስ? የአቧራ ነው ብለኸኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ በሐምሌ ዝናብ ምን አቧራ አለ?

ይድነቃቸው፦ እሺ፣ ሴቶቹ ይጠብቁናል፣ እንውረድ።

ትርሲት፦ ይድነቃቸው!

ይድነቃቸው፦ ሙሉ ስሜን ስትጠሪኝ አባባን ነው የምትመስይው።

ትርሲት፦ እኔም አሁን እሱን ነው ያሰብኩት። አምፖል ሲቀይር ታስታውሳለህ?

ይድነቃቸው፦ እሱን አታንሺብኝ።

ትርሲት፦ «የዘንድሮ አምፖል አይረባም» ይልና ይቀይራል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ። እኛም ልጆች ነን፣ በአምፖሉ ላይ አብረነው እንበሳጭ ነበር። ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ቦግ ብሎ እሱ ግድግዳ ይዳብስ ነበር። አንተ ደግሞ ጌም ትቀይራለህ። ሐኪም ጋ ሄደሃል?

ይድነቃቸው፦ ሄጃለሁ። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ።

ትርሲት፦ እና ምን አሉህ?

ይድነቃቸው፦ ያው የአባባ ነው። የዓይን ግፊት። የቀኙ ሄዷል። የግራውም ዙሪያውን እየጠበበ ነው፤ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮለቅ ነው፣ ትርሲትዬ። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ሰው ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ አሁን ስክሪኑ ላይ ያለውን የዚህን በረኛ ጥርስ ልቆጥርልሽ እችላለሁ። ከቀዳዳው ውጪ ግን ዓለምም የለ።

ትርሲት፦ ወይኔ ወንድሜን! ኦፕራሲዮንስ?

ይድነቃቸው፦ ለምኜዋለሁ። እንደ ሕፃን ነው የለመንኩት። የሄደው አይመለስም አለኝ። ጠብታዋ የቀረችውን ለማቆየት ነች፣ እሷም ከሠራች።

ትርሲት፦ ስለ መንዳትስ?

ይድነቃቸው፦ አለ አንዳንድ ነገር።

ትርሲት፦ ምን አለ?

ይድነቃቸው፦ አትንዳ አለ።

ትርሲት፦ አንተ ደግሞ ቤትህ ገብተህ ጌም!

ይድነቃቸው፦ ለጨዋታ መሰለሽ እንዴ? ጨዋታ ከጠፋኝ ቆየ እኮ! ሐኪሙ በማሽኑ ይፈትነኝ፣ እኔ ደግሞ ራሴን በራሴ ልፈትን አልኩ። እሽቅድምድሙን ሳልጋጭ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ከጨረስኩ ሰውየው ተሳስቷል ማለት ነው አልኩ። አልሆነም። እንግዲያው የመኪናው ጌም ነው የተበላሸው ብዬ ኳሱን ገዛሁ። ኳሱ እንቢ ሲለኝ ጫካ ገባሁ። ጫካው ሲጨልምብኝ ከሬሳ ጋር ገጠምኩ።

ትርሲት፦ እና ሁሉም ተበላሽቶ አገኘኸው።

ይድነቃቸው፦ ሁሉም ተበላሽቷል፣ ትርሲት። ያልተበላሸ ጌም አጣሁ።

ትርሲት፦ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ምንህ ነኝ?

ይድነቃቸው፦ ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?

ትርሲት፦ ምንም… አላውቅም። ቢያንስ እነዚያን ሴቶች አልለምንልህም ነበር። ይኸው ስልኬ ይጮሃል። አሁን ምን ብዬ ላንሳው?

ይድነቃቸው፦ «መጣሁ» በያቸው። ነገ እነዳለሁ።

ትርሲት፦ አብደሃል?

ይድነቃቸው፦ መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። የትኛው ጋ ጉድጓድ እንዳለ፣ የትኛው ጋ ትራፊክ እንደሚቆም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሻለሁ።

ትርሲት፦ መንገዱ ባለበት ነው የሚቆየው። ልጅ ግን አይቆምም። ሶልያና በየት በኩል ነው የምትወርደው? በቀኝ በር። ወርዳ፣ ምሳ ዕቃዋ ከእጇ አምልጦ፣ ልታነሳ ጎማው ጋ ጎንበስ ብትልስ? አስበኸዋል? አንተ የምታውቀው፣ እንደ ጌምህ፣ ከሆነ በኋላ ነው።

ይድነቃቸው፦ በቃ፣ አትበይኝ! ይሄን በየቀኑ የማላስበው መሰለሽ?

ትርሲት፦ ታዲያ እያወቅክ?

ይድነቃቸው፦ እያወቅኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ጢሜ ሳይበቅል ነው መሪ የያዝኩት። ጠዋት ጥሩንባዬን ስነፋ ልጆቹ «ጋሼ ይድኔ!» እያሉ ከየደረጃው ይወርዳሉ። ያ ካልኖረ ለምን ብዬ ነው የምነሳው? እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አምፖል ልቀይር? ፈርቻለሁ እኮ፣ ትርሲትዬ። አባባ ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ሲዳብስ ከኋላው ቆሜ አየው ነበር። ፈርቻለሁ።

ትርሲት፦ እኔም ፈርቻለሁ። ምን እንደማደርግልህ አላውቅም። ዓይኔን ነቅዬ ልስጥህ ብል አይሆንም።

ይድነቃቸው፦ አንድ ሳምንት ብቻ ተይኝ። የሚነዳ ሰው እስካገኝ። ቀስ እያልኩ፣ በየፌርማታው እየወረድኩ እያየሁ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃቸው።

ትርሲት፦ እሱን ቃል ተወው በእናትህ።

ይድነቃቸው፦ ረዳት እይዛለሁ። ጎበዝ ልጅ በቀኝ መስኮት አስቀምጣለሁ። እሱ ያይልኛል።

ትርሲት፦ እሱ አይቶ ፍሬኑን የምትይዘው አንተ። እስኪነግርህስ? መልስልኛ።

ይድነቃቸው፦ አንቺ እኮ እናት ሆነሽ ነው የምታወሪኝ። እህት ሁኚልኝ። አንድ ጊዜ።

ትርሲት፦ ሁለቱንም ነኝ። ለዚህ እኮ ነው የጨነቀኝ።

ይድነቃቸው፦ ከጨነቀሽ እንግዲህ ቁልፉ ይኸው፣ አንገቴ ላይ ነው። እንደ ልጅነታችን እጅሽን ዘርጊ። ከዘረጋሽ እሰጥሻለሁ፤ እምቢ ብዬሽ አላውቅም። ግን አትዘረጊውም። አውቅሻለሁ፣ ትርሲትዬ፣ አንጀትሽ አይችልም።

ትርሲት፦ ይድኔ… ፊትህን ወደ ቀኝ አዙር። ሶልያና ትወርዳለች ካልኩህ ጀምሮ እጄ ጉንጭህ አጠገብ ተዘርግቶ ነው ያለው።