ባለ ሰማያዊ ቆዳዎቹ

ጠዋት ከቡራዩ ወደ ሥራ ስንሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ከጓደኛዬ ከሰላም ጋር ማታ ስላየነው ተከታታይ ፊልም እየተከራከርን ነበር። እሷ በፊልሙ ውስጥ የተጨቆኑት መታገስ ነበረባቸው ትላለች። እኔ ግን ተናድጄ፣ "ቋንቋቸው ተከልክሎ፣ ልጆቻቸው ተነጥቀው እንዴት ዝም ይበሉ?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ታክሲው በአንዴ ጸጥ አለ። ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ የትኛውን ሕዝብ ነው?" አሉኝ። ደነገጥኩ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

ቶሎ ብዬ ስልኬን ከፈትኩና ባለ ሰማያዊ ቆዳዎቹን ፍጡራን አሳየኋቸው። "ፊልም ነው አባባ፤ የሌላ ዓለም ፍጡራን ናቸው።" መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። "ልጆቹስ ተመለሱላቸው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ተመለሱ።"

"ገለታ ዋቃ፣ ተመስገን" ብለው በረጅሙ ተነፈሱ። ያኔ ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እኔንም ቀለል አለኝ።