ከጅግጅጋ አዲስ አበባ በአየር ላይ ስለቆየንበት ሰዓት

የምስክር ስም፦ አቶ ባምላኩ ኃይለመስቀል
ዕድሜ፦ 66
አድራሻ፦ ቀየት
ሥራ፦ ገበሬ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስት የሞተችበት
ትምህርት፦ እስከ 4ኛ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ማዕረግ ስንታየሁ

ፈለቀ ምንይሉ ጎረቤቴ ነው። ከኅዳር 12 ቀን ጀምሮ ደግሞ አበ ልጄ ሆኗል፤ ጅግጅጋ በመምህርነት የምትሠራው ልጄ ጽናት የወለደችውን ወንድ ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ሟች ባለቤቴ ወለተ ማርያም ያልታደለችውን አይቼ ስለተመለስሁ ደስ ብሎኛል። ቢሆንም ለአበ ልጄ እንዳላደላ ራሴን መርምሬ ነው የመጣሁት።

ፈለቀ የተከሰሰው ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እስኪከፈት ማጨድ በተከለከለው የጋራ ሣር መሬታችን፣ በጓሳ፣ ሣር ሲያጭድ ታይቷል ተብሎ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ ጓሳው ሲከፈት ድርሻ አያገኝም፤ የቤቱ የሣር ክዳን ደግሞ ዘንድሮ ካልተለወጠ ክረምቱን አይችልም። ጠባቂው አቶ ተገኘ ፊቱን አላየም፣ ከሩቅ በጥቁር በርኖሱ ለየሁት ብሏል። ፈለቀ በበኩሉ ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በአውሮፕላን ስንበር ዋልን ብሎ ቃል እንደሰጠና ፖሊስ እንዳላመነው ተነግሮኛል።

ባለማመኑ ፖሊስን አልወቅስም፤ ስንበር አልዋልንም። ከጅግጅጋ ከጠዋቱ 3፡30 ገደማ ተነሥተን አዲስ አበባ ያረፍነው 5 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የአየሩ መንገድ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ልጄ ነግራኛለች።

ፈለቀ ሆን ብሎ የዋሸ አይመስለኝም። ገና እንደተቀመጥን በርኖሱን በራሱ ላይ ተከናንቦ እጄን ያዘ። «አበ ልጅ፣ ደረስን?» አለኝ። «ኧረ ገና ሞተሩን ማስነሣቱ ነው» አልሁት። «እንግዲያ ስንደርስ ቀስቅሰኝ» አለ፤ ግን አልተኛም። ውዳሴ ማርያም ስደግም ድምፄ ዝቅ ባለ ቁጥር «አትተው እንጂ!» ይለኝ ነበር። ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ጨርሼ አንቀጸ ብርሃንን ሳላጋምስ ጎማው መሬት ነካ። እሱ ግን ፈርቶ ስለነበር እጄን የለቀቀው ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀኑን የበላብን ከአዲስ አበባ ወዲህ ያለው የመኪና መንገድ ነው። በ6 ሰዓት ተነሥተን፣ ጓሳ ታየ በተባለበት በ9 ሰዓት ደብረ ብርሃን ምሳ እየበላን ነበር። አብረውን የተሳፈሩት ቄስ መልከ ጼዴቅ ማዕዱን ባርከዋል፤ ሊጠየቁ ይችላሉ። በርኖሱንም በፈለቀ ጫንቃ ላይ አይተው «ይኸን ተሸክመህ ነው ቆላ የወረድኸው?» ብለው ስቀውበታል። ከዚያ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞን፣ ቀየት የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው።

ፈርቶ ነበር የሚለው ከቃሌ እንዲወጣለት ሳጅኑን ጠይቄ ነበር። እሱ ከወጣ ፈለቀ ሰዓቱን ለምን እንዳስረዘመው አይታወቅም ስላሉኝ ይቆይ ብያለሁ። እንግዲያስ እውነቱ ሙሉ ይሁን፦ ይዞት የነበረው የእኔም እጅ ይንቀጠቀጥ እንደነበር አብሮ ይጻፍልኝ።

ቃሌ ተነቦልኝ ከተናገርሁት ጋር አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በእግዚአብሔር ፊትም የምደግመው ይህንኑ ስለሆነ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ባምላኩ ኃይለመስቀል
የመርማሪ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ማዕረግ ስንታየሁ