ከቢስሚላህ በፊት ያለችው መስመር

ባለፈው ሳምንት የፈተና ወረቀት ላባዛ ጭሮ ገበያ አጠገብ ወዳለው የአቶ ዓሊዩ ኮምፒውተር ቤት ጎራ ስል ደስ የሚል ሙግት ላይ ደረስኩ። አቶ ዓሊዩ የቀድሞ ማመልከቻ ጸሐፊ ናቸው፤ በስተርጅና ድረ ገጽ መሥራት ተምረው ለነጋዴው ይሠራሉ። ያን ዕለት ግን ጭንቅ ላይ ነበሩ። የበደሳዋ ቡና ነጋዴ ወይዘሮ ኩብራ ገጻቸው በስልክ ተበላሽቶ ስለታያቸው፣ እስከ ዐሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡ ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

ኮምፒውተር የተማረችው ጎረቤታቸው ሳብሪና ጥፋቱን ወዲያው አገኘችው። አቶ ዓሊዩ የሰነዱን ዓይነት ከምትናገረው መስመር በፊት፣ ከፋይሉ አናት ላይ «ቢስሚላህ» ብለው ጽፈዋል። ገጹን በስልክ የሚከፍተው ማሰሻ ደግሞ ያቺን መስመር ከጽሑፉ ሁሉ አስቀድሞ ካላገኛት ገጹን የጥንት ነው ብሎ በአሮጌው ደንብ ያሳየዋል። የቡናዎቹ ሠንጠረዥ ፊደሉ ገዝፎ ከስልኩ ጠርዝ ያለፈው በዚህ ነው።

መስመሯ ወደ ላይ ትውጣ ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ።

«አርባ ዓመት ስጽፍ ከአላህ ስም በፊት አንዲት ነጥብ አስቀድሜ አላውቅም፣ ልጄ። ዛሬ ለማሽን ብዬ ልጀምር?»

እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ። ሰው የኖረበትን በአንድ ከሰዓት አይጥልም። ሳብሪና ግን አልተቆጣችም።

«ጋሼ፣ ማመልከቻውን ጽፈው ሲጨርሱ ፖስታው ላይ ምን ይጽፉ ነበር?»

«የመሥሪያ ቤቱን ስም ነዋ።»

«ቢስሚላህስ?»

«እሱማ ውስጥ ነው፤ ከደብዳቤው አናት።»

«ይቺም መስመር የፖስታው ጽሑፍ ናት። ማሽኑ ምን ዓይነት ሰነድ እንደመጣለት ያውቅባታል እንጂ አንባቢ አያያትም። ቢስሚላህ ለሰው የተጻፈ ነው፤ ገጹ ውስጥ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል።»

አቶ ዓሊዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ወላሂ፣ ያን ሁሉ ፖስታ ስጽፍ ማን ቀደመ ብዬ አስቤ አላውቅም» ብለው ሳቁና በገዛ እጃቸው አስተካከሉት። ሠንጠረዡ ወዲያው ልኩን ያዘ።

ወይዘሮ ኩብራ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ገጹን በስልካቸው ወደ ላይ ወደ ታች ካንሸራተቱ በኋላ «አሁን ሰው ፊት ይቀርባል» አሉና በኦሮምኛም እንዲሠራላቸው አዘዙ። አንዲት መስመር በቦታዋ ስትሆን ገጹ በየስልኩ እንደታሰበው ይታያል፤ ሠሪውም የሌለ ጥፋት ሲፈልግ አይውልም።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አቶ ዓሊዩ እስከዚያ ቀን የሠሯቸውን ዐሥራ አንድ ገጾች አንድ በአንድ ከፍተው አረሙ። ምንም ላላወቁት ደንበኞቻቸው ሁሉ ደግሞ ስልክ እየደወሉ፣ «ገጽዎ ታሞ ነበር፤ ያሳመምኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ድኗል» ይሏቸው ነበር።