ዳፕሶን ልወስድ ሄጄ

ሥጋ ደዌ ይዞኝ ዳፕሶን የሚባለውን መድኃኒት ስጀምር ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም። በምንኖርበት ገረሴ ሰው እንዳያየኝ መድኃኒቴን የምወስደው አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። አንድ ቀን ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ነርሷ ስሜን ስትጠራ ደንግጠው ዞሩ። አማቴ ናቸው! ቤታችን መጥተው ከእኛ ጋር አልበላም ስላሉ፣ ንቀውኝ ነው ብዬ ተቀይሜያቸው ነበር።

«አንተም?» አሉኝ።

«እኔም» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«እኔስ መድኃኒት እስክጀምር ከገበታችሁ የራቅኩት እንዳላስይዛችሁ ብዬ ነው። አንተ ልጄን አስመርምረሃታል?»

ነርሷ ደግማ ስትጠራኝ ተነስቼ ገባሁ። በማግስቱ ለባለቤቴ ነግሬያት ሦስታችንም ወረድን። ተመርምራ ነፃ ነሽ ተባለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስንመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ያወራችው ከእናቷ ጋር ብቻ ነው።