ከበሮ መቺዋን ለማጀብ

ጠዋት ለሥራ ወደ ኒው አልባኒው ዌርሃውስ፣ ወደ ዕቃ መጋዘኑ፣ በሚወስደን ቫን ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሸበቶ ሰውዬና አንዲት ወጣት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ጋሼ ከድር፣ ቅዳሜ ኦቨርታይም ይገባሉ?»

«አልገባም። ሚሺጋን ልንሄድ ነው፣ የኮሌጅ ፉትቦል ልናይ።»

«እርስዎ ደግሞ ፉትቦል መቼ ይወዳሉ?»

«ኧረ ኳሱን ማን አየው! ልጄ እኮ እዚህ የምትማርበት ኮሌጅ ባንድ ውስጥ ከበሮ ትመታለች፤ ቡድኑ ሚሺጋን ሄዶ ሲጫወት ባንዱም አብሮ ይሄዳል። ‹ባባ፣ ፕሊስ ካም› ብላ ቴክስት አደረገችኝ።»

«እሰይ! ከማን ጋር ነው የሚሄዱት?»

«ከእናቷ፣ ከአክስቶቿ፣ ከጎረቤት… መኪናው ሞልቷል።»

«ለሁሉም ትኬት አገኙ?»

«ለእኔና ለእናቷ ብቻ።»

«ውይ! ሌሎቹስ?»

«ፓርኪንግ ይጠብቁናል። ሊያጅቧት እንጂ ኳስ ሊያዩ መች ሄዱ? ልጅቷን ሰው አገር ብቻዋን እንላካት?»

«በዚህ ብርድ፣ ፓርኪንግ?»

«አሜሪካኖቹም እዚያው ሥጋ እየጠበሱ ነው የሚውሉት። እኛም ግሪላችንን ይዘናል።»

«እሷ ታውቃለች?»

«እኔ ብቻ የምመጣ ነው የሚመስላት።»

«ጋሼ፣ መኪናው የእውነት ሞልቷል?»

«ከሞላ ሌላ መኪና ይጨመራላ! አንቺ ብቻ ቀይ ልበሺ፣ የኛዎቹ ቀለም ነው።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ ቀዩን ሹራቤን የት እንዳስቀመጥኩት ማሰብ ጀመርኩ።