አንደኛ ወጥተናል

ይግቡ አክስቴ፣ ይግቡ። ሳጥኑን ለእኔ ይስጡኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ላሳርፈው። ውይ፣ ይህን ተሸክመው ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጡት? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ... እሰይ፣ ተመስገን። ቀይ ትራስ ያለበት ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ያኛው እግሩ ይወላገዳል። የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቶ ነው? ምንም ችግር የለም፣ እያወራን እከፍተዋለሁ።

ቤቱን በቀላሉ አገኙት? ... ሦስት ጊዜ አለፉት? አይ አክስቴ፣ እንዴት ተደርጎ? በዚህ ከተማ እንደኛ ቤት በቀላሉ የሚገኝ አለ እንዴ? አንደኛ እኮ ነን። መቼም ሰምተዋል፣ እርስዎም የድካሙ ተካፋይ ነዎት።

ድምፄን ትንሽ ዝቅ ላድርግ። ከዚህ ኮምፔንሳቶ ጀርባ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አላነሳም፣ ሰው ማማት አልወድም። እናቴ ከእኔ በኋላ የወለደችው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ምን ልበልዎ? የጆሮ ማዳመጫውን ዛሬ ቤት ረስቶ መጥቷል፤ ቢሆንም ሥራ ላይ ሲሆን ምንም አይሰማም። ሐሳቡ ሁሉ ለቤተሰቡ ነው...

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ እኔ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞረድ ስንገፋ፣ ሰው እንዴት እንደሚያገኘን አንድ ቀን እንኳ ተጨንቀን አናውቅም ነበር። ምን ያህል ጨለማ ውስጥ እንደነበርን ይታይዎት። በሩ ላይ «አባ መክፈቻ ቁልፍ ቤት» የሚል ታፔላ ሰቅለን ዝም። አባዬ በገዛ እጁ የጻፈው ነው፤ «ቤት» የምትለዋ ቦታ አጥሯት ወደ ላይ የታጠፈችው፣ ያስታውሷታል አይደል? መንደርተኛው ስሙን ረስቶ አባ መክፈቻ ብሎ የቀረው ከዚያች ታፔላ የተነሣ ነው። ሰዉ ታፔላዋን በዓይኑ አይቶ፣ በእግሩ ሄዶ ይገባ ነበር። ኋላ ቀርነት ነው መቼም።

ታዲያ ይህ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያለው ሰው አንድ ቅዳሜ መጣና «በአጭር ጊዜ አንደኛ አወጣችኋለሁ» አለን። በሩ የተቆለፈበት ሰው ስልኩን አውጥቶ ቁልፍ ሠሪ ብሎ ሲፈልግ፣ ከሁሉ በፊት የእኛ ዌብሳይት እንዲመጣ ያደርጋል። ሐሳቡ ክፉ ነው? እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ለዚህ ሰባት ፈጣን መንገዶች አሉ፣ አንብቤያለሁ አለ። ማንበብ እኮ ይወዳል። እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው እንጂ ትንሽ የሚከብደው...

መጀመሪያ ዌብሳይታችን ላይ «ቁልፍ» የሚለውን ቃል አራት መቶ ጊዜ ጻፈው። በነጭ ገጽ ላይ፣ በነጭ ቀለም። ሰው አያየውም፣ መፈለጊያው ግን አይቶ ያስቀድመናል ብሎ። አባዬ የቁልፍ ጥርስ በሚያይበት ማጉያ መነጽር ስክሪኑን ላይ ታች ሲያገላብጥ ቆየና «ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው» አለ። የሽማግሌ ነገር፣ የተማረ ሰው ሥራ አልታየው አለ።

ቀጥሎ የደንበኞች አስተያየት ያስፈልጋል ተባለ። አንድ ከሰዓት በኋላ አርባ ደንበኛ አመሰገነን። ያን ቀን ዝናቡ ሲወርድ ነው የዋለው፣ አንድም ሰው በዚህ በር አልገባም፤ እሱ ግን አርባውን አስተናገደ። ታዲያ ሁሉም ያመሰገኑት አንድ ሰው ነው። «ወጣቱ ባለሙያ በሦስት ደቂቃ ከፈተልኝ» ይላሉ። የትኛው ወጣት ይሆን እያልኩ አሁንም አስባለሁ... በዚህ ቤት ወጣት የምንለው አንዱ እንደሆነ፣ ከለስላሳ ጠርሙስ በቀር ምንም ሲከፍት አይቼው አላውቅም። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ጣቱ ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ከአንድ ሆቴል ገጽ ላይ እየገለበጠ ለጠፈ። እስከ ዛሬ እዚያ ላይ «አልጋው ንጹሕ፣ ቁርሱም ተወዳዳሪ የሌለው» የሚል አለ። ስለ እኛ ነው አክስቴ። ቁርስ ካልበሉ አሁን እናቅርብልዎት እንዴ?

ቆይ፣ ይቺ ብሎን ዝጋለች... ዘይት ጠብ ላድርግባት።

ከዚያ ወደ ስሙ መጣ። ሰው ስልኩ ላይ «ፈጣን ምርጥ ቁልፍ ሠሪ በአቅራቢያዬ» ብሎ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ የቤቱም ስም እሱው ይሁን አለ። ዌብሳይቱ ላይ ያለው ስምና በሩ ላይ ያለው መለያየት የለበትም የሚልም አነበበና፣ መሰላል አስደግፎ የአባዬን ታፔላ አወረደው። እርስዎ ሦስት ጊዜ አንብበው ያለፉት አዲሱን ነው። አይፈረድብዎትም። ሰዉ ሁሉ «ፈጣን ምርጥ ቁልፍ ሠሪ በአቅራቢያዬ» የሚለውን ያነብና፣ እዚህ አካባቢ ቁልፍ ሠሪ አለ ማለት ነው ብሎ ሊፈልግ ይሄዳል። አንዱማ አንገቱን አስግጎ «ይቅርታ፣ ቁልፍ ሠሪው በየት በኩል ነው?» ብሎኛል። ሞረድ በእጄ ይዤ።

ከሁሉም የማደንቅለት ግን ዘመድ አዝማዱን አንድ ማድረጉ ነው። በሠርግ እንኳ የማይገናኝ ቤተሰብ፣ ማለዳ ማለዳ እየተነሣ ስልኩን ከፍቶ ገጻችንን ሲጫን ከረመ። የአጎቴ ልጆች፣ አማቶቻቸው፣ እርስዎም ከዚያ ርቀት። እርስዎማ በቀን አሥር ጊዜ ይጫኑ ነበር አሉ፣ ጣትዎ ይባረክ። በሦስተኛው ሳምንት ታዲያ አንደኛ ወጣን። እኔ ስልክ ላይ አንደኛ። አባዬ ስልክ ላይ አንደኛ። እርስዎም ደውለው እልል ያሉት ያን ጊዜ ነው አይደል? አባዬ እንባው መጣ። «ልጄ ሰው አደረገኝ» ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ። አንደኛ ለወጣ ሰው ጸጥታ ሳይስማማው አይቀርም... አባዬ ግን በሩን በሩን እያየ «አንደኛ ከሆንን ሰዉ የት ሄደ?» ይለኝ ጀመር።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሦስተኛው በር ላይ አዲስ የገባች ልብስ ሰፊ በሩ በነፋስ ተዘጋባት። ቁልፏም ውስጥ፣ በማግስቱ የምታስረክበው የሙሽራ ቀሚስም ውስጥ። ስልኳን አውጥታ ቁልፍ ሠሪ ፈለገች። ከእኛ አርባ እርምጃ ርቃ ቆማ። ስልኩ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሰው ጠራላት፤ ሁለት ሰዓት ካስጠበቃት በኋላ መሰርሰሪያውን ይዞ መጣ። አባዬ እዚህ ተቀምጦ ድምፁን ሰማ። ያንን ቁልፍ ለቀድሞው ተከራይ የገጠመው እሱ ነው። «ማነው ቁልፌን የሚሰብረው?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ቆሞ አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ቀን ከፋኝ አክስቴ፣ አልዋሽዎትም።

በማግስቱ የልብስ ሰፊዋን ስልክ ለምኜ እኔው ፈለግሁ። አንደኛ የለንም። ሁለተኛው ገጽ ላይም የለንም። ስድስተኛው ገጽ ድረስ ወረድኩ፣ ጣቴ ዛለ። ለካ ስልክ ባለቤቱ ዘወትር የሚከፍተውን እያየ ለእሱ ያስቀድምለታል። ሲጫኑ የከረሙት ዘመዶች፣ አንደኛ ያየንም ዘመዶች። መጨረሻ ላይ ያንን ረጅም ስም አንድም ሳላስቀር ስጽፈው ወጣልን። ልብስ ሰፊዋ ገጹን አየት አየት አድርጋ «ስልክ ቁጥራችሁስ?» አለችኝ... እሱ እንኳ የለም። አራት መቶ ቁልፍ አለ፣ አርባ ደንበኛ አለ፣ ቁርስ አለ። ስልክ ቁጥር ጻፉ የሚለው ምናልባት ሰባተኛው መንገድ ላይ ይሆናል፤ መቼም እዚያ ድረስ ማን ያነባል?

ለአባዬ አልነገርኩትም። እርስዎም እንዳይነግሩት። አሁንም ስልኩን ይከፍትና ለሚያልፈው ሰው ሁሉ «አንደኛ ነን» እያለ ያሳያል።

ታዲያ በአራተኛው እንዴት አገኙን? ... አዎ። ወንድምዎን፣ አባዬን፣ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አይተው። ሦስት ጊዜ ሲያልፉን ቁርስ ሊቀምስ ጓዳ ገብቶ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ የሚውለው እዚያ ፀሐይ ላይ ነው፣ የናሙና ቁልፎቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ። ለምን ስለው «ውስጥ ይሞቀኛል» ይለኛል። ሰባ አራት ዓመቱ ነው አክስቴ። ትናንት ሦስት ሰው ገባልን፤ ሦስቱም እሱን አይተው ነው። አሁን የቤቱ ታፔላ አባዬ ሆኗል።

ምነው የኪቦርዱ ድምፅ ጠፋ? ... ደክሞት ይሆናል፣ ይረፍ።

የድሮው ታፔላ ከጠረጴዛው ሥር፣ እግርዎ አጠገብ አለ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ። መሰላሉም እዚያው ግድግዳው ጋ ቆሟል። ይሰቀል አላልኩም። ስልክ ቁጥር መጻፍም ቢሆን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ባለሙያ ሰው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይቸገርም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ይኸው፣ ሳጥንዎ ተከፈተ። ያውም ያለ ወጣቱ ባለሙያ።

ለማንኛውም የደከመ ሰው ሊመሰገን ይገባል። እኔም ታላቅ ነኝና ልመርቀው፣ እርስዎ አሜን ይበሉ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። የጀመረውን ያስፈጽመው። ጥሩ ትዳር፣ ወንድ ልጅም ይስጠው፣ ልክ እንደሱ ብልህ፣ ልክ እንደሱ አንባቢ። ሸምግሎ፣ ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ በር ላይ ሰቅሎ ሲቀመጥ፣ እሱ የአባቱን ስም እንዳስጠራ፣ ልጁም የእሱን እንዲሁ ያስጠራለት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ አክስቴ።