ልደታ ላይ ረብሻውን ጨምርበት

ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቃል አያመልጠኝም። አንድ ቀን ተከራዬ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ በስልክ "ልደታ ላይ ረብሻውን ጨምርበት፤ እስኪጋጩ እንይ" ሲል ሰማሁት። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። "መልእክት እንዳይደርሳቸው አድርግ" አለ ደግሞ። ይሄ ሰው ሊያስበላኝ ነው ብዬ ለሰፈራችን ፖሊስ ደወልኩና በሩን በርግጄ ገባሁ።

"ማንን ከማን ነው የምታጋጨው?"

"ኧረ ጋሼ፣ መኪና ነው!" ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። የልደታ ካርታ ላይ ሁለት መኪኖች ይሄዳሉ። ሹፌር የላቸውም፤ እንዳይጋጩ በሬዲዮ ይነጋገራሉ አለኝ። ፎቁና ሞባይሉ ሬዲዮውን ስለሚረብሹት፣ እሱ ያንኑ ረብሻ በኮምፒውተር እየፈጠረ ይፈትናቸዋል።

"መኪና በምን አፉ ነው የሚነጋገረው?" አልኩት። ካርታውን ሳይ ግን ግማሽ ልቤ አመነ።

ወዲያው የግቢው በር ተንኳኳ። ሮጬ ወጣሁ። "ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ቃሉን ያጣመምኩት፤ ሰላማዊ ሰው ነው" እያልኩ ፖሊሱን ሳስረዳ፣ ተከራዬ ከውስጥ በደስታ ጮኸ፦

"ጋሼ፣ ረብሻው ተሳካ! ተጋጩ!"